የአውቶክሮስ መኪናን የኋላ አክስል ዘንጎች እንዴት እናስተካክላለን?

አውቶክሮስ ሰፊ አስፋልት ላይ በኮን በተሰመረ መንገድ መኪኖች አንድ በአንድ እየገቡ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደሙበት ስፖርት ነው። አንዱ ዙር ብዙ ጊዜ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። ፍጥነቱ ያን ያህል አይደለም፤ መታጠፊያው ግን ፋታ አይሰጥም። ግራ፣ ቀኝ፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ እንደገና ግራ። እዚህ ላይ ሰዓት የሚበላው ብዙውን ጊዜ የሞተር ጉልበት ማነስ አይደለም። ያለው ጉልበት በኋላ ጎማዎች በኩል መሬት ሳይደርስ ሲቀር ነው።

የምናየው ባለ ድፍን የኋላ አክስል መኪናን ነው። አክስሉ በጥቅል ሞላ ላይ ይቀመጣል። ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ሁለት የታች ዘንጎች እና አንድ ወይም ሁለት የላይ ዘንጎች ናቸው። ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ደግሞ ፓንሃርድ ዘንግ ነው። ባሌስትራ ያለው መኪና ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ሞላና ሾክ ሁሉም ሰው ይቀያይራል። እኔ ግን ከዘንጎቹ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ዘንጎቹ እንደ ልብ ካልተንቀሳቀሱ አዲስ ሞላ ብትገጥሙም ለውጡ ከሞላው ይምጣ ከዘንጉ መለየት አትችሉም። እና ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የምትወዳደሩበትን ምድብ ደንብ አንብቡ። አንዳንዱ ምድብ የማያያዣ ቦታ መቀየርን ጨርሶ አይፈቅድም።

1. ዘንጎቹ እንዳይንቀሳቀሱ የሚያዙበት ቦታ አለ ወይ?

መኪናውን በክሪክ አንሱና ሻንሲውን በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር በጭራሽ አትግቡ። ሞላዎቹን አውጡ፣ ሾኮቹንና የኋላ ማረጋጊያ ዘንጉን ከአንድ ጫፋቸው ፍቱ። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ዓይናችሁን አትንቀሉበት።

አሁን አክስሉን በሌላ ክሪክ ከታች እስከ ላይ አንቀሳቅሱት። ቀጥሎ አንዱን ጎን ብቻ ከፍ አድርጉ፣ ሌላውን ዝቅ። እንቅስቃሴው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ከከበደ ወይም ጠንከር ካለ፣ አንድ ዘንግ ተይዟል ማለት ነው።

ሮድ ኤንዶቹን (በዘንጎቹ ጫፍ ያሉትን ባለ ኳስ መጋጠሚያዎች) በባትሪ መብራት ተጠግታችሁ እዩ። ኳሱ ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የማያያዣው ብረት የቤቱን ጠርዝ ይነካል። የነካበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ጭረት ይተዋል። ያንን ጭረት ካገኛችሁ ችግሩን አገኛችሁ። ስፔሰሩን (በኳሱና በማያያዣው መካከል ያለውን ቀለበት) በጠርዙ የሾለ ዓይነት ቀይሩ፣ ወይም ማያያዣውን አስተካክሉ።

በዘንጉ ጫፍ ያለው በሮድ ኤንድ ፈንታ የላስቲክ ቡኮላ ከሆነ ሌላ ነገር ፈትሹ። ቡሎኑ የጠበቀው አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከሆነ፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ላስቲኩ ተጠማዞ ይቆያል። ሳይታወቅ እንደ ተጨማሪ ሞላ ይሠራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ቡሎኖቹን አላሉ፣ መኪናውን በጎማው አቁሙት፣ ከዚያ አጥብቁ።

2. መነሻውን ለክታችሁ ጻፉ

መኪናው የተስተካከለ ወለል ላይ ይቁም። የጎማ ንፋስ እንደ ውድድር ቀን፣ ነዳጅም እንደዚያው። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ወይም የእሱን ያህል ክብደት አስቀምጡ። መኪናውን ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ አድርጉት፣ ኋላውን ሁለት ሦስቴ ተጫኑት፣ ከዚያ ለኩ።

የእያንዳንዱ ዘንግ የሁለቱም ጫፍ ቡሎን መሃል ከመሬት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ መዝግቡ። አክስሉ ከሻንሲው ጋር ቀጥ ማለቱንም አረጋግጡ። ሻንሲው ላይ በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ነጥብ ይዛችሁ እስከ አክስሉ ያለውን ርቀት አነጻጽሩ። ልዩነት ካለ በታች ዘንጎቹ ርዝመት ይስተካከላል። የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ ጫፉ ቀኝ በሌላው ግራ ጥርስ ያለው ዘንግ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ርዝመቱ በ3 ሚሊ ሜትር ይቀየራል። ሮድ ኤንዱ ከውፍረቱ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ውስጥ ይግባ፤ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ 24 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው።

3. ፓንሃርድ ዘንግ

በጥቂት ደቂቃ ሥራ ትልቁን ለውጥ የሚሰጣችሁ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ዘንጉን አግድም አድርጉት፤ ሁለቱም ጫፎች ከመሬት እኩል ይራቁ። ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። የ1000 ሚሊ ሜትር ዘንግ አግድም ሆኖ አክስሉ 50 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ቢወጣ፣ ወደ ጎን የሚሄደው 1.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአክስሉ በኩል ያለው የዘንጉ ጫፍ ቀድሞውኑ ከሻንሲው ጫፍ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከነበረ ግን፣ ያው እንቅስቃሴ አክስሉን ወደ 3.8 ሚሊ ሜትር ይገፋዋል። ዘንጉ 600 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ አግድም ሆኖም እንኳ 2.1 ይደርሳል። ስለዚህ ቦታው እስከፈቀደ ድረስ ረጅም ዘንግ ተመራጭ ነው። ያጋደለ ዘንግ ሌላም ጣጣ አለው፤ መኪናው ግራ ሲታጠፍና ቀኝ ሲታጠፍ ጠባዩ ይለያያል። ወደ አንድ ጎን ብቻ ለሚዞር ውድድር ይጠቅም ይሆናል። ለአውቶክሮስ ግን አይሆንም።

ቀጥሎ ቁመቱ። ኋላው የሚጋደልበት ማዕከል ዘንጉ የመኪናውን መሃል መስመር በሚያቋርጥበት ቁመት ላይ ነው። ሁለቱንም ጫፎች እኩል ከፍ ስታደርጉ የኋላው መጋደል ይቀንሳል። ግን በመታጠፊያ ላይ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጭኛው የሚሄደው ክብደት ይጨምራል፣ ኋላው መሬት የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። ዝቅ ስታደርጉ ተቃራኒው ይሆናል። ባጭሩ፦ ኋላው ቶሎ የሚያመልጥ ከሆነ አውርዱት፤ መኪናው አልታጠፍ ብሎ በፊቱ ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነ ከፍ አድርጉት። በአንዴ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ አክስሉ መሃል ላይ መሆኑን እዩ።

በፓንሃርድ ፈንታ ዋት ሊንክ (ሁለት ዘንጎች መሃል ላይ ባለ መዞሪያ የሚገናኙበት) ካላችሁ የጎን መንሸራተቱ ጉዳይ በአብዛኛው ይቀርላችኋል። ጄምስ ዋት በ1784 ለእንፋሎት ሞተር ካወጣው ሥርዓት የመጣ ነው። ቁመቱ የሚለካው በመሃለኛው መዞሪያ ቡሎን ላይ ነው፤ የቀረው አሠራር ያው ነው።

4. የታች ዘንጎች ዘዌ

መኪናውን ከጎን ሆናችሁ እዩት። የታች ዘንጉ የፊት ጫፍ ከኋላው ከፍ ካለ፣ ነዳጅ ስትሰጡ ዘንጉ ሻንሲውን ወደ ላይ ይገፋል። ኋላው ቁጭ አይልም፣ ጎማውም ቶሎ ይነክሳል። ደስ ይላል፣ ግን ዋጋ አለው። መኪናው ሲጋደል ውጭኛው ጎማ ትንሽ ወደኋላ፣ ውስጠኛው ወደፊት ይሄዳሉ፤ አክስሉ ራሱ ወደ ውጭ ይመራል። ኮኖች በተደረደሩበት ዚግዛግ ላይ ኋላው ይቅበጠበጣል። ጠንካራ ፍሬን ስትይዙ ደግሞ አክስሉ ይዘላል።

ዘንጎቹ ኋላውን ቁጭ እንዳይል ምን ያህል እንደሚይዙት ማስላት ከባድ አይደለም። የላይና የታች ዘንጎቹን መስመር ወረቀት ላይ ወደፊት አራዝሙና የሚገናኙበትን ነጥብ ያዙ። ነጥቡ ከኋላ ጎማው 1500 ሚሊ ሜትር ወደፊት፣ ከመሬት 250 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። የኋላ ጎማው መሬት ከሚነካበት ተነስታችሁ በዚያ ነጥብ መስመር ስትስቡ፣ በፊትና ኋላ ጎማ መካከል 2700 ሚሊ ሜትር ባለው መኪና ፊት ጎማ ላይ 450 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የመኪናው የክብደት ማዕከል 500 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆነ፣ 450 ለ500 ሲካፈል ውጤቱ 90 በመቶ ነው። ለቀጥታ መስመር ፍጥነት ውድድር ከ100 በላይ የሚሄዱ አሉ። ለአውቶክሮስ ግን እኔ ከ50 እስከ 70 በመቶ ባለው መጀመርን እመርጣለሁ፤ ፍሬኑ ሰላም ያገኛል።

የላይ ዘንጉን ርዝመት ከነካችሁ የዲፍረንሻሉ አፍንጫ ዘዌም ይቀየራል። ከካርዳኑ (ጉልበት ወደ ዲፍረንሻሉ ከሚያመጣው ዘንግ) ጋር ያለውን ዘዌ ሳትለኩ አትንዱ፤ ንዝረቱ የካርዳኑን መስቀለኛ መጋጠሚያ ይጨርሰዋል።

5. ሙከራ

ክፍት ቦታ ላይ በኮን ክብ ሥሩና በሁለቱም አቅጣጫ እየዞራችሁ ሰዓት ያዙ። ግራና ቀኙ በደንብ ከተለያየ ወደ ፓንሃርዱና ወደ አክስሉ ቀጥታነት ተመለሱ። ከዚያ አጭር ዚግዛግ፣ ከዚያ ጠንካራ ፍሬን።

ኋላው የሚያመልጠው መታጠፊያው መሃል ላይ፣ ነዳጁ ሳይቀየር ከሆነ ፓንሃርዱን አውርዱ። ስትወጡ ውስጠኛው ጎማ በባዶ የሚሽከረከር ከሆነም መጀመሪያ ያው ነው። ካልበቃ የታች ዘንጎቹን የፊት ጫፍ በማያያዣው ላይ አንድ ቀዳዳ ከፍ አድርጉ። ችግሩ ዚግዛግ ላይ ወይም ፍሬን ላይ ብቻ ከታየ ዘንጎቹን ወደ አግድም አቅርቡ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ለውጡ ከጠቀመ ወደ ድሮው መልሱትና አንድ ዙር ድገሙ። ጎማ እየሞቀና ሹፌሩ ቦታውን እየለመደ ሲሄድ ሰዓቱ በራሱ ይሻሻላል፤ ወደኋላ ሳትመለሱ ምስጋናው የማን እንደሆነ አይታወቅም።

መቆለፊያ ዳዶዎቹን ካጠበቃችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ዳዶና ዘንግ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ። በዙሮች መካከል ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ላልቷል፤ መኪናው ወደ መነሻው መስመር ከመመለሱ በፊት ይጥበቅ።