የሳቲን ቀሚስ ለምትሰፉ

ለሠርግ የሚሆን የሳቲን ቀሚስ ልትሰፉ ነው? ገበሩን ብቻ አትመኑ። ገበር ከውስጥ ለብቻው ነው የሚንጠለጠለው፤ ሳቲኑን አይደግፈውም። ሳቲኑን እንዲደግፍ ከጀርባው የሚደረብ ስስ የጥጥ ጨርቅ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ አጥባችሁ ተኩሱት፣ አለበለዚያ በኋላ ይሰበሰባል። በሳቲኑ ልክ ቁረጡትና ከጀርባው ደርባችሁ ዳር ዳሩን በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ስፉ። ትልቁ ጥቅሙ የታች እጥፋቱ ላይ ነው፤ መርፌው ጥጡን ብቻ ስለሚይዝ ከፊት አንድም ክር አይታይም።

በካውያ የሚጣበቀውን ማጠንከሪያ ለአንገቱና ለዚፑ ዳር ብቻ ተጠቀሙ። እኔ አንዴ ደረቱን በሙሉ ለጥፌው እንደ ሽሮ አረፋ አወጣ! መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። ካውያውን ጫን አድርጋችሁ አንሱ እንጂ አትጎትቱት፤ ሳይቀዘቅዝም ጨርቁን አታንቀሳቅሱት።