ድንኳኑን ለማንም ፓርቲ አታውሱ፦ እድራችሁን ከምርጫ ሰሞን ጠብ የምትጠብቁበት መንገድ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። የእድራችን ፀሐፊ ከሆንኩ 7 ዓመት አልፎኛል። ምርጫ በቀረበ ቁጥር ከሌላ ሰፈር የእድር ሰዎች ይደውሉልኝና «እናንተ ጋ ሰው እንዴት ሳይከፋፈል ቀረ?» ይሉኛል። አልቀረም፤ ተከፋፍለን ነበር። እንዴት እንደተመለስን ልጻፍላችሁ፣ የሚሆናችሁን ውሰዱ።

አስቀድሜ ይህ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። በ1969 የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር። ታላቅ ወንድሜ ኢሕአፓ ነበር፣ እዚያው ግቢ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ መኢሶን። «መሬት ለአራሹ» እያሉ አብረው የተሰለፉ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ ልጆች ናቸው። ያጣላቸው መኢሶን ደርግን በሂስ መደገፍ ይሻላል፣ ኢሕአፓ ደግሞ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ማለታቸው ነው። በመጨረሻ አይን ለአይን መተያየት አቆሙ። ወንድሜ ተገደለ። ማልቀስ ክልክል ስለነበረ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነው ያለቀሰችው። በነሐሴ መኢሶንም ከደርግ ጋር ተቆራርጦ ሲሸሽ የአክስቴ ልጅ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ለሁለቱም ድንኳን አልተተከለም፣ ለሁለቱም ንፍሮ አልተቀቀለም።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንባችሁን ክፈቱ። የአብዛኛው እድር ደንብ ስለ ቅጣትና ስለ ቀብር እንጂ ስለ ፓርቲ አንድ መስመር የለውም። ጨምሩበት፤ ግን ስትጨምሩ ሰውን «የፓርቲ አባል አትሁን» እንዳትሉ። መደራጀት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 የተሰጠ መብት ነው፣ እድር ሊነሳው አይችልም። የኛ ደንብ እንዲህ ይላል፦ «በፓርቲ ውስጥ ኃላፊነት የያዘ ወይም ለምርጫ በዕጩነት የቀረበ አባል ከዳኝነት፣ ከፀሐፊነትና ከገንዘብ ያዥነት ይነሳል፤ አባልነቱና ጥቅሙ ግን እንዳለ ይቆያል።» ብዙ እድር የመጀመሪያውን ግማሽ ይጽፍና ሁለተኛውን ይረሳል። ሁለተኛው ከሌለ ደንቡ ራሱ የፓርቲ ዱላ ይሆናል። የሁሉም ፓርቲ ሰው እኩል የሚነሳ፣ እኩል የሚቀበር መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

ቀጥሎ ንብረቱ። እዚህ ላይ ነው የወደቅነው። በ2013 የምርጫ ሰሞን አንድ ፓርቲ ለስብሰባ 2 ድንኳንና 120 ወንበር ጠየቀን። ዳኛችን የዋህ ሰው ናቸው፣ ኪራይ ይገኝበታል ብለው ሰጡ። በሳምንቱ ተፎካካሪው ፓርቲ ያንኑ ጠየቀ። በዚያው ቀን ብሎክ 41 ለቅሶ ነበረብንና የለም አልን። እውነታችንን ነበር፣ ድንኳኑ ለቅሶ ላይ ነበር። ግን ማን ይመን? በአንድ ወር ውስጥ 14 አባወራ ክፍያ አቋረጠ። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ የሚነፋፈጉ ሰዎች ሆንን።

ያደረግነው ይህ ነው። የተቀበልነውን ኪራይ በጠቅላላ ጉባኤ አስወስነን መለስን። ከዚያ ወዲህ ድንኳን፣ ወንበር፣ ጎላ፣ ማይክ ለየትኛውም ፓርቲ አይወጣም፤ የመንግሥትም ሆነ የተቃዋሚ፣ በነፃም ሆነ በኪራይ። «ለሁሉም እኩል እናውሳለን» የሚለው ሐሳብ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ለቅሶ ቀጠሮ ስለማይዝ አንድ ቀን አንዱ መከልከሉ አይቀርም። የፓርቲ ሰው ሲመጣ በአክብሮት አስቀምጡት፣ ሻይ አቅርቡለት፣ ደንቡን አንብቡለት።

ያኮረፉትን ለመመለስ ደብዳቤ አትጻፉ፣ ቤታቸው ሂዱ። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የሄድነው፤ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው፣ አንድ ደግሞ ያኮረፈው ሰው የፖለቲካ ሐሳቡን የሚጋራው። ስንገባ ማን ልክ ነው የሚል ክርክር አላነሳንም። «ምን በደልንዎት?» ብለን ጠየቅን፣ የተናገሩትን እዚያው በደብተር ጻፍን፣ ከመውጣታችን በፊት መልሰን አነበብንላቸው። ሰው የራሱን ቅሬታ በሌላ ሰው አፍ፣ ቃሉ ሳይጣመም ሲነበብ ሲሰማ ልቡ ይመለሳል። አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ሄደናል። ከ14ቱ 12ቱ ተመለሱ።

አሁን ከሁሉም የከበደኝን ልጻፍ። ኮንዶሚኒየማችን የቆመው ሰዎች ጤፍና ስንዴ ሲያርሱበት በኖሩት መሬት ላይ ነው። ከገበሬዎቹ አንዳንዶቹ ዛሬም እዚሁ ዳር ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው። የድሮው ደንባችን «አባል የሚሆነው የብሎክ ነዋሪ ብቻ ነው» ይል ነበር፣ መግቢያውም 1,500 ብር በአንድ ጊዜ። አንድ የካቲት 23 በቴሌግራም ግሩፓችን ስለ ዓድዋና ስለ አንድነት ስንጻጻፍ ዋልን። በዚያው ቀን የአንድ ገበሬ ባለቤት አርፋ ከበረንዳችን ቁልቁል ለቀስተኛው ይታየን ነበር። ድንኳናቸው የላስቲክ ሸራ ነበር። የኛዎቹ ሁለቱ መጋዘን ተቆልፎባቸው ነበር፤ ቁልፉም እኔ እጅ ነበር። አልተነሳሁም። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ስለዚህ በየጊዜው ደንባችሁን ይዛችሁ «በዚህ የተነሳ ውጭ የቀረው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ «የብሎክ ነዋሪ» የሚለውን «የአካባቢው ነዋሪ» አልነው። መግቢያውን በ12 ወር ከፋፈልን። ማስታወቂያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንለጥፋለን፣ ስብሰባ ላይ አንዲት ወጣት መምህርት ታስተረጉማለች። ለገበሬዎቹ አንድ የኮሚቴ ወንበር በተወካይነት እንስጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልኩትም። እንግዳ ሲሆን ነው ወንበር የሚሰጠው። እንደማንኛችንም ይወዳደሩ፣ ይመረጡ አልን። ዛሬ ንብረት ያዣችን ከነሱ ወገን ነው፣ ቁልፉም እሱ ጋ ነው። ለሙስሊም አባሎቻችን ጎላው፣ ማንኪያው፣ ድስቱ ለብቻ ተገዝቷል፤ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም።

ቴሌግራሙን በተመለከተ ብዙ አልልም። ግሩፑ ለሞት፣ ለሕመም፣ ለክፍያና ለውኃ ወረፋ ብቻ ይሁን። አስተዳዳሪዎቹ ሁለት ይሁኑ፣ የተለያየ የፖለቲካ ዝንባሌ ያላቸው። የፓርቲ ነገር ሲለጠፍ ቀድሞ ማጥፋት ያለበት የዚያው ወገን የሆነው አስተዳዳሪ ነው። ሌላው ካጠፋው ጠብ ይሆናል።

ድንኳን ውስጥ ክርክር ሲሞቅ «ዝም በሉ» አትበሉ፤ የባሰ ያነድዳል። ሥራ ስጧቸው። አንዱን ሻይ አዙር፣ ሌላውን ወንበር ቁጠር በሉት። ነገሩ ካልበረደ ሌላ ቀን ሁለቱን ብቻ ቡና ጥሩና ከፓርቲው ስም አውጥታችሁ ጠይቋቸው፦ ለልጅህ ትምህርት ቤት ምን ትፈልጋለህ? ለውኃችን? ለታክሲው ሰልፍ? እኔ ባየሁት ፍላጎታቸው ይገጥማል፣ የሚለያዩት በመንገዱ ላይ ነው። ለወጣቶቹ ደግሞ የማየውን እነግራቸዋለሁ። በ1997 ሰው ስንቱን የተቀያየመበት ቅንጅት የአራት ፓርቲዎች ጥምረት ነበር፣ ተሰነጠቀ። ኢሕአዴግም በ2012 ፈርሶ ብልጽግና ተተካ። በነዚያ ስሞች ኩርፊያ የተያያዙ ጎረቤታሞች ግን አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

በዚያው በ2013 በምርጫው ቀን፣ ሰኔ 14፣ አቅም የሌላቸውን ሽማግሌዎች ደግፈን አብረን ተሰልፈናል። እግረ መንገዳችንን ማንን ልትመርጥ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ይህንንም አስቀድመን ተነጋግረንበት ነበር።

ካልተመለሱት ሁለት ሰዎች የአንዱ እናት ባለፈው ጥቅምት አረፉ። ክፍያ ስላቋረጠ ደንቡ ገንዘብ አይፈቅድለትም፣ አልሰጠንም። ድንኳኑን ግን ሌሊቱን ተከልን፤ ንብረት ያዡ ራሱ ካስማውን እየመታ። ሰውየው አመሰገነን፣ ወደ እድሩ ግን እስካሁን አልተመለሰም። መዝገቡ ላይ 63ኛ ቁጥር የሱ ነው። ስሙን አልሰረዝኩትም፣ በየወሩ የክፍያ ሣጥኑን ባዶ እያደረግኩ አልፈዋለሁ።