የመጽሐፍ ዕቁብ፦ በአንድ መጽሐፍ ዋጋ ስድስት ማንበብ

ሁለት አንባቢዎች ሲገናኙ የሚጠራው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ተገዝቶ የሚነበበው ጥቂት። አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። ሌላው ግን ምክሩ ብቻውን መምጣቱ ነው። «ግሩም ነው፣ አንብቢው» ያለው ሰው መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ ቢሰጥ ኖሮ የዚያኑ ዕለት ማታ ይጀመር ነበር። የመጽሐፍ ዕቁብ ሥራው ይኸው ነው። እያንዳንዱ አባል የሚመክረውን አንድ መጽሐፍ ገዝቶ ያስገባል፣ መጻሕፍቱ በየሦስት ሳምንቱ እጅ ይለውጣሉ፣ ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም የራሱን ይዞ ይገባል። ብር አይሰበሰብም፣ ስለዚህ ጠብም ያንሳል።

ስድስት ሰው ይበቃል። አራት ሲሆን ዙሩ ገና ሳይሞቅ ያልቃል፤ ዘጠኝ ሲሆን ደግሞ ከግማሽ ዓመት ያልፍና መሀል ላይ የሚቀር አይጠፋም። ስድስት ሰው በሦስት ሳምንት ሲባዛ 18 ሳምንት፣ ማለትም 126 ቀን ነው። መስከረም 23 ቅዳሜ የተጀመረ ዕቁብ ጥር 29 ቅዳሜ ያልቃል። ሦስት ሳምንት የተባለውም በግምት አይደለም። በቀን 25 ገጽ የሚያነብ ሰው በ21 ቀን 525 ገጽ ይጨርሳል፤ አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ ከዚህ ያነሰ ነው። በሁለት ሳምንት ዙር የሞከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በወፍራሙ መጽሐፍ ላይ ነው።

እንደ ገንዘቡ ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ይመረጣሉ። ዳኛው ቀን ያስከብራል፤ ጸሐፊው የትኛው መጽሐፍ ማን እጅ እንዳለ በአንድ ደብተር ይይዛል። ዕጣ የሚወጣው አንዴ ብቻ ነው፣ የመቀመጫ ተራ ለመያዝ። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይሄዳል። «እኔ ያኛውን ልውሰድ» የሚባል ነገር አንዴ ከተፈቀደ ተራው ይዛባና አንድ ሰው አንዱን መጽሐፍ ሁለቴ ያገኛል፣ ሌላው ጭራሽ አያየውም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ምርጫው። እያንዳንዱ አባል ሁለት ርዕስ ይዞ ይመጣል። ሁለትና ከዚያ በላይ አባላት ያነበቡት ርዕስ ይወድቃል። ሁሉም የሚወደው መጽሐፍ ለወሬ ይጣፍጣል፣ ዕቁብ ውስጥ ሲገባ ግን የሦስት ሳምንት ተራ ይበላል። ርዕስ የሚያቀርብ ሰው «ትወዱታላችሁ» ማለት አይፈቀድለትም። ሦስት ነገር ይናገር፦ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሆነ፣ ምን የሚወድ ሰው እንደሚስማማው፣ የት ላይ እንደሚጎትት። ሦስተኛውን መመለስ የማይችል ሰው መጽሐፉን አልጨረሰውም፣ ወይም ከሌላ ሰው የሰማውን ነው የሚያወራው። ጥርጣሬ ካለ «ለማን አውሰኸው ነበር? ምን አለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያጣራል።

ስድስቱም ልቦለድ ባይሆን ይሻላል። ሁለት ልቦለድ፣ አንድ የአጫጭር ልቦለዶች መድብል፣ አንድ ግለ ታሪክ፣ አንድ የታሪክ መጽሐፍ፣ አንድ ትርጉም ቢሆን ያስኬዳል። ግጥም ቀጭን ስለሆነ ሁለት የግጥም መጽሐፍ እንደ አንድ ይቆጠር። ስለ አብዮቱ ዘመን የተጻፈ ግለ ታሪክ ከገባ ጨዋታው ወደ ክርክር መዞሩ አይቀርም፤ መፍትሔው ከሌላው ወገን የተጻፈ ማስታወሻ በዚያው ዙር ማስገባት ነው። ትርጉም ስትመርጡ ደግሞ የተርጓሚው ስምና የዋናው መጽሐፍ ርዕስ መጻፉን እዩ። ከዚያ መሀሉን ግለጡና አንድ ምልልስ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ሰው በአፉ የማይናገረው አማርኛ ከሆነ መልሱት።

ግዢው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ያገለገለ መጽሐፍ ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው አካባቢና በአራት ኪሎ ይፈለጋል። ፒያሳ ግን የድሮ ሰፈሮቹ ከፈረሱበት ከ2016 ወዲህ ቀድሞ የምታውቁት ሻጭ ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል። መጽሐፍ በክንዳቸው ደርድረው የሚዞሩት አዟሪዎች የያዙት ባብዛኛው የሰሞኑን ነው፤ ሰው አሁን ምን እየጠየቀ እንደሆነ ለማወቅ ከእነሱ የተሻለ የለም። የቆየ ርዕስ ለማግኘት ግን ቋሚ ቦታ ላለው ሻጭ ስሙን በወረቀት ጽፎ መስጠትና ከሳምንት በኋላ መመለስ ያዋጣል። በመጀመሪያው ቀን የሚጠራው ዋጋ ቸኩሎ ለመጣ ሰው የሚጠራ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ገጽ ቁጠሩ። መጽሐፍ የሚታተመው ታጥፎ በሚገባ ጥራዝ ስለሆነ፣ የጎደለ ሲኖር ብዙ ጊዜ በአንዴ 8 ወይም 16 ገጽ ነው የሚጎድለው። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ ማየት አያስፈልግም፤ በየ8 ገጹ ቁጥሩን እያያችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ተደግሞ የገባ ጥራዝም በዚሁ ይያዛል። ቀጥሎ የመጨረሻውን ቅጠል እዩ፤ ባገለገለ መጽሐፍ ቀድሞ የሚረግፈው እሱ ነው፤ ልቦለድ ሆኖ መጨረሻው ከሌለ ስድስት ሰው ያዝንባችኋል። ሽፋኑ የደበዘዘ፣ መስመሩ ያዘነበለ፣ ፊደሉ አንዳንድ ገጽ ላይ የወፈረ ሌላው ላይ የሳሳ ከሆነ ያለ ፈቃድ የተባዛ ቅጂ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በዋጋው አትታለሉ፣ ሦስተኛው አንባቢ ጋ ሲደርስ ይበተናል። «አንድ ገዝተን ሁላችንም ኮፒ እናድርገው» የሚለውም መፍትሔ አይደለም፤ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሙሉ መጽሐፍ እንዲህ ማባዛትን አይፈቅድም።

የመጀመሪያ ዕትም ለዕቁብ አትግዙ። በ1975 የወጣው የበዓሉ ግርማ ልቦለድ ኦሮማይ ወዲያው ከገበያ ስለተሰበሰበ የዚያ ዕትም ቅጂ የሚፈለገው በሰብሳቢ ነው፤ ታሪኩን ለማንበብ ኋላ የታተመው ይበቃል። ጭራሽ ከገበያ የጠፋ ርዕስ ከሆነ ከዕቁቡ አውጡትና ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄዳችሁ እዚያው ተቀምጣችሁ አንብቡት። አሳታሚዎች ከሚያትሙት እንዲያስገቡለት በሕግ ስለተደነገገ ሌላ ቦታ የጠፋ እዚያ ሊገኝ ይችላል። በ2014 አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም በጸጥታ ለማንበብ ጥሩ ነው።

ስድስት እጅ የሚያልፍ መጽሐፍ ልብስ ይፈልጋል። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት ወፈር ያለ ግልጽ ላስቲክ ግዙ፤ 14 በ21 ሳንቲሜትር ለሆነ መጽሐፍ 42 በ25 ሳንቲሜትር ቁረጡ። ከላይና ከታች ሁለት ሁለት፣ በጎን ደግሞ ስድስት ስድስት ሳንቲሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ፕላስተሩ ላስቲክ ከላስቲክ ያያይዝ እንጂ ሽፋኑን አይንካ፤ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። በሙጫ ብቻ የተጠረዘ አዲስ መጽሐፍ መሀሉ ላይ በኃይል ከተከፈተ ጀርባው ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ከፊት ጥቂት ቅጠል፣ ከኋላ ጥቂት ቅጠል፣ እየተለዋወጡ በጣት በመጫን ወደ መሀሉ መምጣት ነው። ምልክት በእርሳስ ብቻ።

ዕቁቡን የሚያፈርሰው ዘግይቶ መመለስ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ሲዘገይ በቀኙ ያለው ባዶ እጁን ይሄዳል። ሁለት ነገር ያድናል። አንደኛ፣ ያልጨረሰም ሰው በቀኑ ያስተላልፋል፤ የቆመበትን ገጽ ጸሐፊው ይመዘግብለትና ጥር ላይ ከባለቤቱ ተውሶ ይጨርሰዋል። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ሰባተኛ ትርፍ መጽሐፍ ይያዝ፤ አጫጭር ልቦለዶች ቢሆን ይመረጣል። ባዶ እጁን የቀረ ሰው እሱን ይወስዳል። ለመገናኛ ለገሃር ወይም ስታዲየም አካባቢ ያለ ቡና ቤት ጥሩ ነው፣ ሁለቱም የባቡር መስመሮች እዚያ ስለሚያልፉ «ታክሲ አጣሁ» የሚለውን ሰበብ ይቀንሳል። የጠፋ መጽሐፍ በዚያው ርዕስ ይተካል፣ በብር አይደለም። አዲስ አባል ከመጣ ያመጣው ሰው ዋስ ይሁን።

በእያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ውስጥ አንድ ወረቀት አስቀምጡ። ያነበበ ሁሉ ስሙንና አንድ ቁጥር ብቻ ይጽፋል፦ መጽሐፉ ልቡን የያዘው ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሆነ፤ ካልያዘው ደግሞ የተወው ገጽ፣ በፊቱ «ተ» ተጨምሮ። አራት ሰው ከ60 ገጽ በፊት የተያዘበት መጽሐፍ ለማንም ያለ ስጋት ይመከራል። ስድስቱም «ተ» የጻፉበትን ያስገባው ሰው በሚቀጥለው ዙር የሁሉንም ማኪያቶ ይከፍላል።