ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፦ በጂምፕ ፎቶን ማረምና ማንቀሳቀስ

ፎቶን ለማረምም ሆነ ከፎቶው ውስጥ አንዲት ነገር ለይቶ ለማንቀሳቀስ ጂምፕ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። እዚህ የምንሠራበት ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ የጠረጴዛ መብራት ፎቶ ነው፤ መብራቱ በርቶ ይቆይና ብልጭ ድርግም ይላል።

ፎቶው ታርሞ ሳያልቅ ወደ እንቅስቃሴው አይለፉ። እንቅስቃሴው የሚሠራው ያንኑ ፎቶ እያባዙ ስለሆነ የቀለም ጉድለት መጨረሻ ላይ ከታየ እርማቱን በየቅጂው መድገም ግድ ይሆናል። በቅጂዎቹ መካከል ትንሽ ልዩነት ከተፈጠረ ደግሞ ምስሉ በሙሉ ይርገበገባል።

ፎቶውን እንደከፈቱ ኤክስሲኤፍ በሚባለው የጂምፕ ፎርማት ያስቀምጡት፤ ሌየሮቹን፣ ማለትም ተደራርበው የሚቀመጡትን የምስል ንብርብሮች፣ ለየብቻቸው ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። የተለመደው የፎቶ ፎርማት ጄፔግ ሁሉንም ጨፍልቆ አንድ ያደርጋቸዋል።

የማይፈለገውን ዳርቻ በክሮፕ ይቁረጡና ከለርስ ከሚለው ምናሌ ሌቭልስን ይክፈቱ። ተራራ የመሰለ ግራፍ፣ ከሥሩም ሦስት ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይታያሉ። ጥቁሩን ግራፉ በግራ በኩል እስከሚጀምርበት፣ ነጩን በቀኝ በኩል እስከሚያልቅበት ይሳቡ። ከዚያ አልፈው ከሳቡ ጥላው ድፍን ጥቁር፣ ብርሃኑ ድፍን ነጭ ይሆናል። የመሃሉ ወደ ግራ ሲሳብ ፎቶውን ያፈካዋል። አምፖሉ ሲነሣ ነጭ ሆኖ ከወጣ ግን ምንም ቢደረግ ዝርዝሩ አይመለስም፤ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም።

ከዚያ ስኬል ኢሜጅ በሚለው ወርዱን 600 ፒክስል ያድርጉት። 600 በ400 የሆነ ምስል 240,000 ፒክስል አለው፤ 1200 በ800 ቢሆን 960,000፣ አራት እጥፍ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም እንቅስቃሴው በሚሠራበት ተከታታይ ምስል ሁሉ፣ ይባዛል። ሻርፕን (ምስሉን ጥርት ማድረግ) የሚደረገው ፎቶው ካነሰ በኋላ ነው፤ ማሳነስ ራሱ ምስሉን ያለዝበዋል። በነገሮች ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ብቅ ካለ በዝቷልና ይቀንሱት።

አሁን ሌየሩን ሁለት ጊዜ ያባዙና ሦስት ያድርጉት። ጂምፕ እያንዳንዱን ሌየር እንደ አንድ ፍሬም ይቆጥራል፤ ከሁሉም በታች ያለው መጀመሪያ ይታያል። የታችኛው እንዳለ ይቆይ። የላይኛውን በዓይን ምልክቱ ደብቀው መካከለኛውን ይምረጡ፤ በኤሊፕስ መምረጫ፣ የምርጫውን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ፌዘር ኤጅስን 40 ላይ አድርገው፣ መብራቱን ይክበቡት። ክበቡ አምፖሉን ብቻ ከያዘ አይሆንም፤ ግድግዳውና ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን ብርሃንም ማካተት አለበት። አምፖሉ ደብዝዞ ግድግዳው እንደደመቀ ከቀረ ዓይን ወዲያው ሐሰቱን ያውቃል። ከለርስ ውስጥ ከርቭስን ከፍተው የመስመሩን መሃል ወደ ታች በመሳብ ብርሃኑን ያደብዝዙት። ምርጫውን ሳያጠፉ ወደ ላይኛው ሌየር ይሂዱና የዓይን ምልክቱን መልሰው ያብሩ፤ እዚህ የመስመሩን የቀኝ ጫፍም ጭምር ዝቅ ያድርጉ፣ ይህ መብራቱ የጠፋበት ነው። በመጨረሻ የደበዘዘውን መካከለኛ ሌየር አባዝተው ቅጂውን ከሁሉም በላይ ያስቀምጡ። አራት ፍሬም ሆነ።

እያንዳንዱ ፍሬም የሚቆይበት ጊዜ በሌየሩ ስም ላይ ይጻፋል፤ በቅንፍ ውስጥ ቁጥሩን፣ ክፍተት ሳይተዉም ኤም እና ኤስ የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት። ከታች ወደ ላይ 1200፣ 80፣ 300፣ 80 ሚሊሰከንድ ይስጧቸው። አራቱም እኩል ቢሆኑ የማስጠንቀቂያ መብራት ይመስላል፤ የሚበላሽ አምፖል የሚያስመስለው የጊዜው መዛነፍ ነው። ከ20 በታች አይውረዱ፤ ብዙ ብራውዘሮች እንዲህ ያለውን ወደ 100 ያዘገዩታል።

ፊልተርስ ውስጥ አኒሜሽን፣ ከዚያም ፕሌይባክ ብለው ይመልከቱት። ሲወዱት እዚያው ያለውን ኦፕቲማይዝ ፎር ጂአይኤፍ ይጫኑ (ጂአይኤፍ የሚንቀሳቀስ ምስል የሚይዝ ፎርማት ነው)፤ በየፍሬሙ ያልተለወጠውን ቦታ ቆርጦ በማውጣት ፋይሉን በጣም ያሳንሰዋል። ውጤቱ በአዲስ መስኮት ይከፈታል። እሱን በጂአይኤፍ ኤክስፖርት ሲያደርጉ አዝ አኒሜሽን እና ሉፕ ፎርኤቨር የሚሉት ላይ ምልክት ያድርጉ፤ የመጀመሪያው ከተረሳ የሚወጣው የማይንቀሳቀስ ምስል ነው።

ግድግዳው ላይ ብርሃኑ እየሳሳ በሚሄድበት ቦታ እርከን የመሰሉ መስመሮች ከታዩ ምክንያቱ ጂአይኤፍ በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አለመያዙ ነው። ከኦፕቲማይዝ በፊት፣ ኤክስሲኤፉን ሳይነኩ በቅጂ ላይ፣ ኢሜጅ ከዚያም ሞድ ብለው በተወሰኑ ቀለሞች ብቻ የሚሠራውን ኢንዴክስድን ይምረጡና ዲዘሪንግን ያብሩ፤ መስመሮቹ በጥቃቅን ነጠብጣቦች ይተካሉ፣ ፋይሉ ግን ጥቂት ይጨምራል።

በአንድ ፎቶ ፈንታ ተከታትለው የተነሡ ፎቶዎችን ከተጠቀሙ ኦፕቲማይዝ ብዙም አይረዳም፤ ካሜራው በትንሹ ከተነቃነቀ ወይም የብርሃን ልኩ ከተለዋወጠ ፒክስሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ለዚያ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) እና በእጅ የተቆለፈ ኤክስፖዠር (የብርሃን ልክ) ያስፈልጋል።

የጊዜ ወይም የብርሃን ለውጥ ካስፈለገ በኦፕቲማይዝ የወጣው ላይ አይሥሩ፤ ሌየሮቹ ተቆራርጠዋል። ወደ ኤክስሲኤፉ ተመልሰው ያስተካክሉና እንደገና ያውጡት።