ያረጀ ሽፍታ ያለበት ካውቦይ ፊልም ስናይ የምንሳሳተው

ካውቦይ ፊልም የለመደ ሰው ሽፍታው ያረጀበትን ፊልም ሲከፍት ቶሎ ይሰለቻል። "ተኩሱ መቼ ነው?" ይላል። እኔም ብያለሁ፤ ግማሹ ላይ ዘግቼው ተነስቻለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ተኩስ መጠበቁ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣውን "አንፎርጊቨን"ን እንውሰድ። ክሊንት ኢስትውድ የሚጫወተው ዊሊያም መኒ ድሮ ስሙ ሲነሳ ሰው የሚርድለት ገዳይ ነበር። አሁን ሚስቱ ሞታበታለች። ሁለት ልጆቹን ይዞ ጭቃ ውስጥ ከታመሙ አሳማዎች ጋር ይታገላል። ሽጉጡን አንስቶ ቆርቆሮ ላይ ይተኩሳል፤ ይስታል። ደግሞ ይስታል። ቤት ገብቶ ትልቁን ጠመንጃ ይዞ ይወጣና ያኔ ነው ቆርቆሮውን የሚያገኘው። ልጅቷ ወንድሟን፣ አባባ ድሮ ሰው ይገድል ነበር ወይ፣ ብላ ትጠይቃለች። ፈረስ ላይ ልውጣ ሲልም ፈረሱ ያሾረዋል፣ ይጥለዋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስቆ ያልፋል። አትለፉት! የፊልሙ ጉድ ያለው እዚሁ ነው።

ሁለተኛው የቪዲዮ ቤት ልማዳችን ነው፦ "አክተሩ አይሞትም።" በእንዲህ ያለ ፊልም ግን አክተሩ ሊሞት ይችላል። ቢተርፍም ለማጨብጨብ እጅ አይነሳም። መጨረሻውን ላላያችሁት አልናገርም።

"ሽፍታ" የሚለው ቃልም ያሳስተናል። እኛ ሽፍታ ስንል ተበድሎ ጫካ የገባ፣ የሚፎከርለት ሰው ትዝ ይለናል። መኒ ግን ሴትና ሕፃን ሳይቀር የገደለ ሰካራም ነበር። የእኛን ጀግና እሱ ውስጥ ከፈለግን ለምን እንቅልፍ እንዳጣ አይገባንም።

ሌላው ፊልሙ የሚያሳየንን ያረጀ ሽፍታ እንደ እውነተኛ ታሪክ መውሰድ ነው። ከእውነቶቹ የአሜሪካ ሽፍቶች ብዙዎቹ ለሽበት አልደረሱም። ቢሊ ዘ ኪድ በ1881 ሲገደል 21 ዓመት ገደማ ነበር፤ ጄሲ ጄምስ በ1882 በ34 ዓመቱ ከኋላው ተተኩሶበት ሞተ። ወንድሙ ፍራንክ ግን በዚያው ዓመት እጁን ሰጠ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦም ነፃ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖሯል። ጫማ ሸጧል። ቲያትር ቤት በር ላይ ቆሞ ትኬት ተቀብሏል። በስተርጅናውም የቤተሰቡን እርሻ በ25 ሳንቲም ያስጎበኝ ነበር። በ1915 በ72 ዓመቱ እዚያው ሞተ።

እኔ ብሆን ፊልሙን ከቲያትር ቤቱ በር ነበር የምጀምረው።