በባሕር ዳር የእግረኛ መንገዶችን መረጃ መሰብሰብና በካርታ ማስፈር

ባሕር ዳር መሬቷ ሜዳማ፣ ጎዳናዎቿ ዘንባባ የተተከለባቸው በመሆናቸው ለእግረኛ የምትመች ከተማ ናት። ሆኖም ከጣና ዳርቻ ተነስቶ ወደ ቅዳሜ ገበያ ወይም ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በእግሩ የሚሄድ ሰው በአሸዋ ክምር፣ ክዳኑ በተነሳ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ወይም በቆመ ባጃጅ ምክንያት ወደ አስፋልቱ ለመውረድ የሚገደድባቸው ቦታዎች አሉ። እነዚህ ቦታዎች ተለክተው በካርታ ላይ ሲሰፍሩ የትኛው ጥገና እንደሚቀድም መነጋገር ይቻላል፤ ይህ ጽሑፍም ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ያስረዳል።

ከተማውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመሸፈን መሞከር አያዋጣም። በአንድ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ተቋም ዙሪያ 500 ሜትር ያህል ከልሎ መጀመር ይሻላል። ወደ መንገድ ከመውጣት በፊት ከክፍለ ከተማው ወይም ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሜትርና ስልክ ይዞ መንገድ ለመንገድ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ጥያቄ ማስነሳቱ ተገቢ ነውና። ጥበቃ ያለባቸውን ተቋማትና የሰዎችን ፊት አለማንሳት ግዴታ ነው። ሦስት ሰዎች ይበቃሉ፦ አንዱ ይለካል፣ ሌላው ይመዘግባል፣ ሦስተኛው ተሽከርካሪ ይጠብቃል።

የመመዝገቢያ ቅጹን ኮቦ ቱልቦክስ በተባለው ድረ ገጽ አዘጋጅቶ ኮቦ ኮሌክት በተባለው የስልክ መተግበሪያ መሙላት ይቻላል፤ መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት መረጃ ተቀብሎ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። መልሶቹ በተቻለ መጠን ከዝርዝር የሚመረጡ ይሁኑ፤ አንዱ መዝጋቢ «ኮብልስቶን»፣ ሌላው «ድንጋይ ንጣፍ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ላይ መለየት ያስቸግራል። ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚመዘግብ በእጅ የሚሞላውም በዚያው እንዲሆን አስቀድሞ መስማማት ያሻል፤ አለዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተለካው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንደተለካ ሆኖ ይነበባል።

የሥራው ዋና ጉዳይ አለካኩ ነው። መንገዱን ከመስቀለኛ እስከ መስቀለኛ በክፍል በክፍል ከፋፍለው፣ ስፋቱ ወይም ንጣፉ በግልጽ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ክፍል ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ክፍል አማካይ ስፋት መውሰድ ያሳስታል፤ የሚመዘገበው ምንም ሳያደናቅፍ የሚታለፍበት እጅግ ጠባቡ ቦታ ነው። ስፋቱ 3 ሜትር በሆነ መንገድ ላይ የተተከለ የመብራት ምሰሶ 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ካስቀረ፣ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ለሚያስፈልገው የዊልቸር ተጠቃሚ መንገዱ የተዘጋ ነው። ሁለት ዊልቸሮች ጎን ለጎን ለመተላለፍ ደግሞ 1.8 ሜትር ይፈልጋሉ። በመሻገሪያዎች ላይ የጠርዙ ድንጋይ ከፍታና መወጣጫ መኖር አለመኖሩ ለየብቻ ይመዘገባል። የእግረኛ መንገድ የሌለው ጎዳናም «የለም» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ባዶ የተተወ ሳጥን ያልታየ መንገድ ይሁን መንገድ የሌለበት ቦታ አይታወቅም።

መሰናክሎችን ቋሚና ተንቀሳቃሽ ብለው ይለዩ። ምሰሶና ክፍት ቦይ ቋሚ ናቸው፤ የግንባታ ዕቃ፣ የቆመ ባጃጅና ጉልት ግን በቀኑና በሰዓቱ ይለያያሉ። ጉልት የሚቸረችሩ እናቶች ስም፣ ፎቶና ትክክለኛ መቀመጫ በፍጹም አይመዝገብ። ይህ መረጃ ለእግረኛ ተብሎ ተሰብስቦ የሰው እንጀራ ማፈናቀያ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሰብሳቢው ኃላፊነት ነው። ዛፍንም መሰናክል ብቻ አድርጎ መቁጠር ስህተት ነው፤ በቀትር ፀሐይ ለሚሄድ አዛውንት ጥላው ከንጣፉ እኩል ዋጋ አለውና ጥላ የራሱ ዓምድ ይኑረው።

ልኬቱ በአንድ ወቅት ብቻ ከተደረገ ጎደሎ ይሆናል። መሬቱ ሜዳ በመሆኑ የክረምት ዝናብ ውኃው ቶሎ አይወርድም፤ በጥር የተለካ ደረቅ መንገድ በነሐሴ ኩሬ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት፣ በገበያ ሰፈር ደግሞ በገበያ ቀን መታየት አለበት። ከክፍሎቹ የተወሰኑትን ሁለት ቡድን በየግሉ ለክቶ ቢያነጻጽር የልኬቱ አስተማማኝነት ይታወቃል።

ካርታውን ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው፣ ማንም ሰው መረጃ ሊጨምርበት የሚችለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ኦፕን ስትሪት ማፕ ተስማሚ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ክፍት ሰማይ ሥር እንኳ 5 ሜትር ገደማ ሊስት ስለሚችል የመንገዱን ግራና ቀኝ ሊያምታታ ይችላል፤ በመሆኑም መስመሩ በሳተላይት ምስሉ ላይ በእጅ ይሳላል፣ ስልኩ የያዘው ነጥብ መጠቆሚያ ብቻ ይሆናል። ከጉግል ካርታ መቅዳት አይፈቀድም። በሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ እያንዳንዱ ጎን የራሱ መስመር ይኑረው፤ መስመሮቹም በመሻገሪያዎች ላይ ይያያዙ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ለምሳሌ የእግረኛና የብስክሌት መስመር ያለው ቢሆንም፣ በካርታው ላይ ጫፎቹ ከከተማው መንገዶች ጋር ካልተገናኙ መንገድ ፈላጊው ፕሮግራም እግረኛን በዚያ አያሳልፍም።

በመጨረሻ መረጃው ኪው ጂአይኤስ በተባለው ነፃ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም እንደ ስፋቱ ይቀለማል፦ ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 1.8 ሜትር ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ብዙ ቢሮዎች ካርታውን በጥቁርና ነጭ ስለሚያትሙት የመስመሩም ውፍረት አብሮ ይለያይ። ካርታው ለክፍለ ከተማው ሲቀርብ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የተዘጋጀውን አገር አቀፍ ሞተር አልባ (የእግርና የብስክሌት) የትራንስፖርት ስትራቴጂ ጠቅሶ፣ ከሁሉ በፊት ሊጠገኑ የሚገባቸውን ጥቂት ቦታዎች ከነፎቷቸው ማያያዝ ይጠቅማል። ልኬቱ የተካሄደበት ወር በካርታው ጥግ ላይ ይጻፍ፤ የተጠገነው ቦታም በቀጣዩ ክረምት ማግሥት እንደገና ይለካ።