የጠመንጃ በርሜል ውስጥ የሚለጠፈውን እርሳስ እንዴት እንደተገላገልኩት

ቤት ያቀለጥኩትን የእርሳስ ጥይት በ45-70 (የጥይት መጠን ስም ነው) ጠመንጃ ስተኩስ በርሜሉ ውስጥ እርሳስ ይለጠፍ ነበር። ከጥቂት ተኩስ በኋላ ጥይቶቹ ዒላማው ላይ ተራርቀው ያርፋሉ፤ አንዳንዱም ወረቀቱን በጎኑ ይቀደዋል።

አንቲሞኒ (እርሳስን የሚያጠነክር ብረት) ጨምሬ እርሳሱን አጠነከርኩት፤ ወይ ፍንክች። ቅባት ቀየርኩ፤ ያው ነው። ባሩድ ስቀንስ ትንሽ ተሻለ እንጂ አልጠፋም።

መላው የተገኘው በርሜሉ ሲለካ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጬ፣ በርሜሉን ዘይት ቀብቼ፣ ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል በነሐስ ዘንግ ገፍቼ አሳለፍኩ። ቦዩ (በርሜሉ ውስጥ የተቆፈረው ጠመዝማዛ መስመር) የተወበትን ምልክት በማይክሮሜትር (ረቂቅ ውፍረት መለኪያ) ስለካው 0.459 ኢንች! ጥይቶቼ ደግሞ 0.458። ለካስ ጋዙ በጎን እየሾለከ እርሳሱን ይልጠው ኖሯል።

ጥይቱ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ 0.461 ነው። ስለዚህ ማጥበቢያውን (ጥይቱ ተገፍቶ ሲያልፍበት ወደ ልኩ የሚያቀጥነውን ቀዳዳ) ብቻ በ0.460 ቀየርኩ። የድሮውን እርሳስ በመዳብ ሽቦ ፈትጌ አወጣሁ (ይሄ እንኳን ክንድ ይጨርሳል)። አሁን በርሜሉ ንጹህ ነው። ጥይቱ ስለወፈረ ግን፣ የተሞላው ቀለህ ጉርሻው (ከመተኮሱ በፊት የሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል) ውስጥ ሳይታገል መግባቱን አስቀድማችሁ ሞክሩ።